መጣሁ ብሎ የሄደ

«ሰውዬው ‹መጣሁ› ብሎኝ ከሄደ ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች እናት፣ የሳይክሉን የውስጥ ጎማ ባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከረች። «እስካሁን አልመጣም።»

ብሎን ሳቋን ዋጥ አደረገች። ብሎን እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገና በዳዴ ስትሄድ የእናቷ ሱቅ ወለል ላይ የወደቀውን ብሎን ሁሉ እየለቀመች አፏ ውስጥ ስለምትከት ደንበኞች ያወጡላት ስም ነው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም አልለቀቃትም። እናቷ ሳይክል ጠጋኝ ናት፤ ሰፈርተኛው «እትዬ ጎማ» ይላታል። እጇ ቢታጠብ ቢታጠብ ግራሶው ከጥፍሯ ሥር አይወጣም፤ እሷም እንዲወጣ ስትጨነቅ ታይታ አታውቅም።

ብሎን ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። ከስምንት ዓመት በፊት ለሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል እርዳታ ለማሰባሰብ የመጀመሪያው የሌሊት የሳይክል ጉዞ ተዘጋጀ። መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ ሲነጋ መድረስ። እናት ተመዘገበች። ሦስተኛው የማረፊያ ጣቢያ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር የኋላ ጎማዋ ተበላሸ። የጉዞው ኃላፊ የብሎን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር፤ በሞተር ሳይክል መጥቶ አያት። «አይዞዎት፣ እዚሁ ይጠብቁኝ፤ መጣሁ» አላትና ሄደ። እሷም ጠበቀች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ እስኪነጋ ድረስ። ሲነጋ የወተት መኪና አሳፍሮ ቤቷ አደረሳት። በሳምንቱ የተሳታፊዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ከስሟ ትይዩ «አቋርጣለች» ይላል።

«አቋርጣለች!» አለች አሁንም፣ ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን አረፋ እያየች። «እኔ አላቋረጥኩም። እየጠበቅኩ ነው።»

«ለምን አትነግሪውም ታዲያ? በየሳምንቱ እኮ ሳይክሉን ያመጣልሻል።»

«ራሱ ያስታውስ።»

ብሎን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣችና መፍቻዎቹ በተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። የዘንድሮው ጉዞ መመዝገቢያ ነው። የራሷን ክፍል ሞልታለች። ከሥሩ «ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ለሆነ ተሳታፊ አብሮ የሚነዳ አዋቂ» የሚል ባዶ መስመር አለ።

እናት መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። «አክስትሽ አትሆንም?»

«አክስቴ ሳይክል ስታይ ያዞራታል።»

«የጓደኛሽ የፌንጣ ወንድምስ?»

«እሱ ለፌንጣ ነው። እማዬ፣ ለክፍሉ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ፌንጣ ‹አንቺ ሳይክል መፍታት እንጂ መንዳት የት ታውቂያለሽ› ብላኝ፣ ‹እስከ መጨረሻው አብሬሽ እገባለሁ› ብያታለሁ። ሌላ አዋቂ የለኝም።»

እናት ጎማውን ከውሃው አወጣች። ቀዳዳው ላይ ጣቷን እንደያዘች ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እስክሪብቶ አምጪ» አለች።

ቅዳሜ ማታ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ከስታዲየሙ በር ተነሳ። ፌንጣ ረጅም እግሯን እያወናጨፈች ከወንድሟ ጋር ፊት ፊት ትከንፋለች። እናት ደግሞ የምትነዳው እንደምትሠራው ነው፤ አትቸኩልም፣ አታቆምም። ብሎን ከሁለቱ መሀል ሆና አንዴ ወደ ፊት ትፈተለካለች፣ አንዴ እናቷ እስክትደርስ ትጠብቃለች።

ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፌንጣ መንገድ ዳር ቆማ አገኟት። ሚስማር ወግቷት ጎማዋ ተኝቷል። ወንድሟ ጨለማ ውስጥ ቀድሟት ሄዷል፣ አልሰማትም።

«ወይኔ እትዬ፣ ይድረሱልኝ!»

«ሳይክሉን ገልብጪው» አለች እናት። ከኮርቻዋ ሥር ያሰረችውን አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ፈታች። «የኔና ያንቺ ልክ አንድ ነው። እንኪ።»

አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። ፌንጣ ጉንጯን ሳመቻትና ተፈትልካ ጠፋች።

«እማ፣ ትርፍ ጎማችን እኮ እሱ ብቻ ነበር።»

«አውቃለሁ። ታዲያ ልጅቷን ከነሳይክሏ ላዝላት?»

ሁለተኛውን ጣቢያ አልፈው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሌሊቱ በረደ። ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ግድግዳ መስለዋል። ከሩቅ የፌንጣ ቡድን መብራቶች ጭራቸው ቀይ ቀይ እያለ ይታያል። የብሎን ጭን ይቃጠላል፤ ግን የሚያስደስት ዓይነት መቃጠል ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ «እደርሳለሁ» አለች ለራሷ። ጥርጣሬም አልነበራትም።

ቁልቁለቱን ገና ሲጀምሩ ከኋላዋ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማች። ፍሬን ይዛ ተመለሰች። እናት ወርዳ ጎማውን በእጅ ባትሪ እያየች ነው።

«አፉ ላይ ነው የተቀደደው» አለች። «አየር የሚገባበት ቦታ። ሌላ ጋ ቢሆን እለጥፈው ነበር። አፉ ላይ ከሆነ ልጣፉ አይይዝም።»

«የኔን አናወጣም?»

«ያንቺ ያንሳል።»

ብሎን ወደ ታች አየች። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የሦስተኛው ጣቢያ መብራት ይታያል። «ፌንጣዎች እዚያ ናቸው። ወንድሟ ትርፍ አያጣም። ሄጄ ላምጣ?»

«ሂጂ። ኩርባው ላይ አሸዋ አለ፣ ቀስ በዪ።»

ብሎን አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። «እዚሁ ጠብቂኝ፣ መጣሁ!»

ያለችውን የሰማችው መቶ ሜትር ከወረደች በኋላ ነው። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ይጮሃል። መምህሩ ለእናቷ ያላት ይህንኑ ቃል ነበር።

ጣቢያው አንድ ትልቅ አምፖል፣ ሁለት ጠረጴዛና የተከመረ ሙዝ ነው። መምህሩ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዝርዝሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከጎኑ የደከሙትን የምትጭነው መኪና ቆማለች፤ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ ሁለት እግሩን በመስኮት አውጥቷል።

«ዘጠኝ ከሃያ!» አለ መምህሩ ካርዷ ላይ ማኅተም እየመታ። «ጎበዝ! አሥር ሰዓት ነው የምንዘጋው። በደንብ ትደርሻለሽ።»

«ብሎኔ!» ፌንጣ ሙዝ አፏ ውስጥ እንዳለ አቀፈቻት። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ እንነሳለን። እውነት ለመናገር የምትደርሺ አልመሰለኝም ነበር። ሰርፕራይዝ ነው ያደረግሽኝ!»

«የውስጥ ጎማ እፈልጋለሁ። ያንቺን ልክ። እማዬ ጎማ ተበላሽቶባታል።»

የፌንጣ ወንድም ምንም ሳይል ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ሰጣት። ፌንጣ ግን የብሎንን እጅ ያዘች።

«ቆይ፣ ያን ሁሉ ዳገት ልትመለሺ? መኪናዋ ታመጣቸው የለ እንዴ? ቲቸር፣ አይደል?»

«እንዴታ!» አለ መምህሩ። «አንቺ ከጓደኞችሽ ጋር ቀጥዪ። እናትሽን እኛ እናመጣቸዋለን። ሹፌር!»

«አሁን እሄዳለሁ!» የሚል ድምፅ ከጋቢናው መጣ። እግሮቹ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቁም።

ብሎን እግሮቹን አየች። አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል።

«ከአሥር ሰዓት በኋላ ከዚህ የሚነሳ የለም፣ ወደ መኪናው ነው» አለ መምህሩ፣ በመምከር ድምፅ። «ሕግ ነው። ብትመለሺ አትደርሺም፤ ‹አቋርጣለች› ተብሎ ሊጻፍብሽ ነው። ያሳዝናል።»

ያቺን ቃል ከእሱ አፍ ስትሰማ ብሎን ምላሷ ላይ የመጣውን ሁሉ ልትለቀው ነበር። ዋጠችው። እሱን መናገር የእናቷ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

«ቲቸር፣ ‹መጣሁ› ብያታለሁ።»

መምህሩ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አይ የኔ ልጅ! ‹መጣሁ› እኮ ሁሉም ሰው ይላል። ‹ሄድኩ› ማለት ነው!»

ሙዝ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ፌንጣም ሳቀች። እውነቱን ነው፤ ብሎን ራሷ ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ብላ ቀርታለች። ክፍሉ ሁሉ ሰኞ ጠዋት የሚጠይቃት ታወቃት፤ መልሱም ከፌንጣ አፍ እንዴት እንደሚወጣ ታወቃት። ጎማውን ጠቅልላ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችና ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋች።

«እኔ ግን መምጣቴ ነው» አለች።

ሳይክሏን ወደ ዳገቱ ስታዞር ፌንጣ ከኋላዋ ሮጣ መጣች። የተናደደች ትመስላለች። «አንቺ ድሮም ደረቅ ነሽ፤ ከእናትሽ ነው የወረስሽው» ብላ የራሷን መብራት ከግንባሯ ላይ ፈታ አሰረችላት። «ያንቺ መብራት ሻማ ነው። እኔ በወንድሜ መብራት እነዳለሁ። ሂጂ በቃ!»

ዳገቱ ስትወርደው የነበረው መንገድ አልመስል አላት። ብቻዋን ናት። የሰንሰለቷ ድምፅ፣ የትንፋሿ ድምፅ፣ ሌላ የለም። የፌንጣ ቡድን ደወል እየደወለ ሲነሳ ከታች ተሰማት፤ ዞራ አላየችም። ቀላሉን ማርሽ አስገብታ፣ እናቷ እንደምትነዳው፣ ሳትቸኩል ሳታቆም ወጣች። 

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደወጣች ከኩርባው ማዶ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰማች። ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል ትለየዋለች፤ የእናቷ ሳይክል የላላ ጭቃ መከላከያ ነው። መብራቷ መንገዱ ላይ ሲያርፍ እናት ታየች። የኋላውን ጎማ ከኮርቻው ሥር በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ ፊተኛውን እያንከባለለች፣ በእግሯ ትመጣለች።

«እዚያው ጠብቂኝ አላልኩሽም?» ብሎን ጮኸች።

«ጠብቄሻለሁ እኮ። እየሄድኩ ነው የጠበቅኩሽ።»

«ጎማውን ለምን አንጠለጠልሽው?»

«ጠርዙ ይጎብጣላ! የሳይክል ጠጋኝ ልጅ ሆነሽ ይሄ ይጠየቃል?»

መንገድ ዳር ገለበጡት። ብሎን ጎማውን አወጣች፣ እናት መብራቱን ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ እናት መፍቻውን ከእጇ አልቀማቻትም።

«እንደማልመጣ አስበሽ ነው የተነሳሽው?» አለች ብሎን፣ ቀና ሳትል።

«ትመጫለሽ ብዬ ነው እንጂ መንገዱን ላሳጥርልሽ የተነሳሁት። ካልመጣሽማ ምን አስቸኮለኝ?» እናት መብራቱን ወደ ጎማው አቀረበች። ቀጥላ፣ ለጨለማው እንደምትናገር ሁሉ፣ «ያኔ የሚያንገበግበኝ የሱ መቅረት ብቻ አይደለም» አለች። «ቁጭ ማለቴ ነው። ሁለት እግር ነበረኝ። ሳይክሉን አንጠልጥዬ ብሄድ እደርስ ነበር። ‹ይጠብቁኝ› ተባልኩ፣ ቁጭ አልኩ። አስተማሪ ነው፣ የሚያውቀው አለ ብዬ።»

ብሎን ይህን ክፍል ሰምታው አታውቅም። በስምንት ዓመት አንድም ጊዜ። ፓምፑን አንስታ መንፋት ጀመረች።

ጣቢያው ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጠረጴዛዎቹ ታጥፈዋል፣ ሙዙ አልቋል። መኪናዋ ከቆመችበት አንድ ጋት አልተነቃነቀችም። ሹፌሩ አሁን እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቷል፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

መምህሩ ሲያያቸው ከሳጥኑ ላይ ተነሳ። «እትዬ! እኔ እኮ አሁን ልልክልዎት ነበር...»

እናት ሳይክሏን አቆመች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። 

«መምህር፣ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በመጀመሪያው ጉዞ፣ እዚያ ዳገት ላይ ጎማዋ የተበላሸባት ሴት ትዝ ትልዎታለች?»

መምህሩ ግራ ገባው። «ብዙ ሰው ነበር...»

«‹እዚሁ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ› ብለዋት ነበር።»

 የመምህሩ ፊት ቀስ እያለ ሲለዋወጥ ብሎን አየች።

«እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሹፌሩን ነግሬው ነበር። መንገዱ ባዶ ነው ሲለኝ... አንዱ ወስዷቸዋል ብዬ...» ፊሽካውን በጣቱ አገላበጠ። «ግን እትዬ፣ በየሳምንቱ እኮ ሳይክሌን ይሠሩልኛል!»

«እሠራለሁ። ሳይክሉ ምን አጠፋ?»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ይመጣሉ ብዬ ነዋ።»

ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ሳቁ አመለጠው፤ ማንም ሳያየው መልሶ ዋጠው። መምህሩ አልሳቀም። ዝርዝሩን ገልጦ ሁለቱ ስሞች ያሉበትን ቦታ አገኘ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቢያንስ ይሄን ልካስ። ‹በዘጠኝ ከሃምሳ ተነሱ› ብዬ እጽፈዋለሁ። ማንም አያውቅም። አላቋረጣችሁም ማለት ነው።»

እናት ወደ ብሎን ዞረች። «ያንቺም ስም ነው ያለው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ብሎን ሰኞን አሰበች፣ ዝርዝሩ የሚለጠፍበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ አሰበች። ብዙም አልቆየችም።

«አሥር ተኩል ነው የደረስነው፣ ቲቸር። እንደሱ ይጻፉት። መኪናዋ ላይ ግን አንወጣም።»

«ጣቢያው እኮ ተዘግቷል!»

«ጣቢያውን ዝጉ» አለች እናት። «መንገዱን አልዘጋችሁትም። ካሳውን ግን እኔ እነግርዎታለሁ። ለከርሞ ከሁሉም ኋላ የምነዳው እኔ ነኝ። እኔ ሳላልፍ ጣቢያ አይዘጋም፤ ማንም ላይ ‹አቋርጧል› ተብሎ አይጻፍም። ይመዝግቡልኝ።»

«እሱን እንኳ ኮሚቴው ነው የሚወስነው...»

«ኮሚቴው ማነው?»

መምህሩ ትንሽ አሰበ። «እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ይወስኑ።»

መምህሩ ዝርዝሩን ገልብጦ ከጀርባው ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። «ብቻዎን ነው የሚነዱት?»

እናት ፓምፑን ከሳይክሉ ጋር ማሰር ጀመረች። አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ ፈትታ እንደገና አሰረችው። ወደ ልጇ አልተመለከተችም፤ እንዳትመለከት እየጣረች እንደሆነ ብሎን ገብቷታል።

ከሁሉም ኋላ ማለት ሌሊቱን ሙሉ የማንንም መብራት አለመከተል ማለት ነው። ለከርሞ ፌንጣ ሦስት ሰዓት ቀድማ ገብታ፣ ተኝታ፣ ተነስታ ትቀበላታለች። ክፍሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይስቅባታል። ብሎን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ አስባ ስትጨርስ እንኳን ሊከብዳት፣ ቀለላት።

«እስክሪብቶውን ይስጡኝ፣ ቲቸር» አለች።

ከእናቷ ስም ሥር የራሷን ጻፈች። ግራሶ የነካው አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ልትጠርገው ሞከረች፣ ባሰበት፤ ተወችው። ከዚያ ሁለቱም ሳይክላቸው ላይ ወጡ። ገና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል።